ዱባይ ስትሄጂ ገንዘቡን እንዴት ትይዣለሽ?

እህቴ፣ ዶላሬን ሁሉ በእጄ ልያዝ ወይስ በካርድ ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ያዢ፣ ግን ለያይተሽ። አዲስ አበባ ደርሼ እጨርሳለሁ አትበይ። እዚሁ ባሕር ዳር እያለሽ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬትሽን ይዘሽ ባንክ ሂጂ። ዶላር የሚሞላበት ዓለም አቀፍ ካርድ ካላቸው ጠይቂ። ዶላሩን የገዛሽበትን ደረሰኝም አትጣይው።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበቃሽን ጥሬ ገንዘብ ከልብስሽ ስር ያዢው። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ግን በፍጹም! እኔ እንደዚያ አድርጌ አጥቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እዚያ 1 ዶላር ወደ 3.67 ድርሃም ነው። ከዚህ በጣም ዝቅ አድርጎ የሚመነዝር ካለ ትተሽው ውጪ። ኤቲኤሙ «ሂሳቡ በዶላር ይሁን?» ካለሽ እምቢ በይ፤ በድርሃም ይሻልሻል። የሚስጥር ቁጥሩንም ከካርዱ ጋር አታስቀምጪ።