የታተመው የከተማ ትራንስፖርት ካርታ የት ይገኛል? መቼስ ይታደሳል? ጥያቄና መልስ

የባቡርና የአውቶቡስ መስመሮችን የሚያሳዩ የከተማ ካርታዎችን ሰብስቤ አንዱን እትም ከሌላው ሳመሳክር ብዙ ዓመታት ቆይቻለሁ። ስለ ካርታዎቹ አገኛኘትና ስለ እድሳታቸው የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ። ወሮቹም ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ዘመን የወረቀት ካርታ ለማን ይጠቅማል?

መልስ፦ «ሁሉም ሰው» የሚለውን አልቀበለውም። ስልካቸው ከመደወልና ጥሪ ከመቀበል የማያልፍ አረጋውያን አሉ። ለኢንተርኔት መክፈል የሚከብደው አለ፤ ባትሪው መንገድ ላይ ያለቀበት አለ፤ ትናንት ደርሶ ገና ሲም ካርድ ያላወጣ እንግዳም አለ። እነዚህ ሁሉ ሒሳብ ከፍለው የሚሳፈሩ መንገደኞች ናቸው። ከዚህም ሌላ ስልክና ካርታ የሚሰጡት ነገር አንድ አይደለም። ስልክ የተጠየቀውን አንድ ጉዞ ብቻ ይነግራል፦ ከዚህ ተሳፈር፣ እዚያ ውረድ። ካርታ ያልተጠየቀውንም ያሳያል። መስመሩ በድንገት ሲቋረጥ ሁለት ፌርማታ በእግር ተጉዞ ሌላ መስመር መያዝ እንደሚቻል ወዲያው የሚታየው ሙሉው ገጽ ፊት ለፊት ሲዘረጋ ነው።

ጥያቄ፦ ጣቢያ ስሄድ መደርደሪያው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ሌላ የት ልፈልግ?

መልስ፦ መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ይጠይቁ። ካርታው ብዙ ጊዜ ከሠራተኛው ጀርባ በካርቶን ተቀምጦ ጠይቆ ለመጣ ብቻ ይሰጣል። እዚያ ከታጣ የድርጅቱ ዋና የመረጃ ቢሮ፣ የቱሪስት መረጃ ማዕከል፣ አውሮፕላን ማረፊያና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይቀጥላሉ። የባቡሩ ካርታ ስለተገኘ ግን የአውቶቡሱም ይገኛል ማለት አይደለም። ለንደን የምድር ውስጥ ባቡሯን የኪስ ካርታ ማሳተሟን ስትቀጥል የአውቶቡስ ካርታዎቿን ማሳተም በ2016 አቁማለች። ምንም ካልተገኘ ድርጅቱ በድረ ገጹ ያስቀመጠውን ፒዲኤፍ አውርዶ ማተም ይቻላል። በኤ4 ግን አይሞክሩት፤ የፌርማታዎቹ ስም ተጨፍልቆ የማይነበብ ይሆናል። ኤ3 ይሻላል፤ ካልሆነ ገጹን ለሁለት ከፍሎ አትሞ መለጠፍ ነው።

ጥያቄ፦ ድርጅቶች ማሳተም የሚያቆሙት በወጪ ምክንያት ብቻ ነው?

መልስ፦ ወጪ አንዱ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። በኦፍሴት ማተሚያ ከፍተኛው ወጪ ያለው መጀመሪያ ላይ ነው፦ ፕሌት የሚባለውን የማተሚያ ሰሌዳ ማዘጋጀት፣ ማሽኑን ማስተካከል፣ ቀለሙን ማመጣጠን። ይህ አንዴ ካለቀ በኋላ ተጨማሪው ቅጂ የሚያስወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ብዙ ቅጂ በአንድ ጊዜ ማሳተም ይመርጣል፤ ያ ብዛት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መስመሮች ይለወጣሉ፤ ግማሹ ሳይታደል ያረጃል። በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይም የተጣለው ክምር ይነሣና «ሰው ካርታ አይፈልግም» ይባላል። ሰው ግን ካርታውን አላየውም! ማሳተምና ማዳረስ ሁለት ሥራ ናቸው፤ ለሁለተኛው በጀትና ሰው የሚመድቡት ጥቂቶች ናቸው። ካርታውን ከድረ ገጽ ያወረደው ሰው ቁጥር ይመዘገባል፤ ከመደርደሪያ አንሥቶ የሄደውን የሚቆጥር የለም። በዚህ ዓይነት ሒሳብ ወረቀት ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው፤ ፍርዱም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ካርታ በየስንት ጊዜ መታደስ አለበት?

መልስ፦ እንደ መስመሩ ዓይነት ነው። ሐዲድ በየወሩ አይዘዋወርም፤ የባቡር ካርታ አዲስ ጣቢያ እስኪከፈት ሊቆይ ይችላል። የአውቶቡስ ካርታ ግን ቶሎ ያረጃል። በጣም የሚረዳው የታወቀ የለውጥ ቀን መኖሩ ነው። የአውሮፓ የባቡር መርሐ ግብር በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ብዙ የከተማ ድርጅቶችም የራሳቸውን ለውጥ ከዚያ ቀን ጋር ስለሚያገጣጥሙት ካርታውም፣ የሰዓት ሰሌዳውም፣ የፌርማታው ጽሑፍም አብረው ይታደሳሉ። ቀኑ የታወቀ ሲሆን ማተሚያ ቤቱም መንገደኛውም ይዘጋጃሉ።

እንዲህ ያለ ቀን በሌለበት ሥራው ይከብዳል። ለንደን በግንቦት 2022 የኤልዛቤት መስመር የተባለውን አዲስ የባቡር መስመር ስትከፍት በመካከሉ ያለው ቦንድ ስትሪት ጣቢያ አልደረሰም ነበር፤ የተከፈተው በጥቅምት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ መስመሩ ባቡር ሳይቀይሩ በከተማዋ መካከል አልፎ መሄድ የሚያስችል ሆነ። ወሮች ሳይርቁ አንዱ መስመር በካርታ ላይ ሦስት መልክ ያዘ ማለት ነው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ አንድም ሐዲድ ሳይነቃነቅ ኦቨርግራውንድ የሚባለው የከተማዋ የባቡር መረብ ስድስት የተለያዩ ስሞችና ቀለሞች ሲሰጡት ካርታው እንደገና መሣል ነበረበት።

ጥያቄ፦ በእጄ ያለው ካርታ ያረጀ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከታች ጥግ ወይም ከኋላ ባለው የመጨረሻው እጥፋት ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ወርና ዓመት ይፈልጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ እርሱ ነው። ቀን የሌለው ካርታ ምንም ያህል ቢያምር አልተማመንበትም፤ ለድርጅቶችም ደጋግሜ የምጽፈው ይህንኑ ነው። ቀኑን ካጡ በቅርቡ የተከፈተውን ጣቢያ ያስታውሱና ካርታው ላይ መኖሩን ይዩ። በነጠብጣብ መስመር «በግንባታ ላይ» ተብሎ የተሣለው ቦታ ባቡር እየሄደበት ከሆነ ካርታው ጊዜው አልፎበታል።

ጥያቄ፦ የኪሱና ፌርማታ ላይ የተለጠፈው ካርታ ከተለያዩ የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ቀኑ የቅርብ የሆነውን። የተለጠፈው ይፋ ስለሚመስል ብዙ ሰው እርሱን ያምናል፤ ነገር ግን በየፌርማታው ዞሮ ክፈፉን በቁልፍ ከፍቶ ወረቀት የሚቀይር ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ያ ሠራተኛ በቅርቡ ላይመጣ ይችላል። ካርታው ስንት ጊዜ እንደቆየ ቀለሙም ይናገራል። በማተሚያ ቀለሞች ውስጥ ቢጫውና ሐምራዊ ቀዩ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃሉ፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ፀሐይ በሚመታው ፌርማታ ላይ የቆየ ካርታ ላይ መጀመሪያ ቢጫው መስመር ይጠፋል፤ ቀጥሎ ቀዩ ይገረጣል፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያደላል። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይሆንና የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በቀለም ብቻ መለየት ስሕተት ነው?

መልስ፦ አዎ። ከአውሮፓውያን ዝርያ ወንዶች መካከል ከ12ቱ አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም፤ በሌሎችም ሕዝቦች ዘንድ ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የመስመሩ ቁጥር ወይም ስም በመስመሩ ላይ በየቦታው ይጻፍ። ቶኪዮ በ2004 ለምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቿ ፊደልና ቁጥር መስጠቷ ጃፓንኛ ለማያነብ ሁሉ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ ቅርብ የመሰለኝ ቦታ ሩቅ ሆነብኝ። ለምን በትክክለኛው ርቀት አይሣልም?

መልስ፦ ይህን በሰፊው ያስለመደው ሰው ታሪክ መነገር አለበት። ሃሪ ቤክ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ድርጅት የቴክኒክ ንድፍ ሣይ ነበር። በ1931 መስመሮቹን ሁሉ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና በ45 ዲግሪ ሰያፍ ብቻ አድርጎ ሣላቸው፤ የመሐል ከተማውን አሰፋ፣ ዳር ዳሩን አጠበበ። ከመሬት በታች የሚሄድ ሰው ማወቅ የሚፈልገው የት እንደሚቀይርና የት እንደሚወርድ እንጂ ከላይ ያለውን መንገድ አይደለም ብሎ ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ አልተቀበለውም። በኋላ ጥቂት ቅጂ ለሙከራ ታተመ፤ በጥር 1933 ደግሞ የኪስ ካርታው በ700,000 ቅጂ ወጣ። ዛሬ በብዙ ከተሞች የምናየው ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው።

ዋጋው ግን እርስዎን የገጠመዎት ነው። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን በሚባሉት የለንደን ጣቢያዎች መካከል 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ካርታው ላይ እንደማንኛውም ሁለት ጣቢያ ስለሚታዩ በእግር የሚያልቀውን መንገድ በባቡር የሚሄድ ብዙ ነው። ኒው ዮርክም በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ሐሳቧን ቀይራለች። በ1972 ማሲሞ ቪኜሊ የሚባል ባለሙያ እንደ ቤክ መስመሮቹን አቅንቶ የሣለው ንድፍ ንጹሕና ለዓይን የሚማርክ ነበር፤ ነገር ግን ሴንትራል ፓርክን ካሬ አድርጎ ስላሳየ ነዋሪው ከተማዬ አይደለችም አለ፤ በ1979 መልክዓ ምድርን በሚጠብቅ ካርታ ተተካ። በ2025 ደግሞ ወደ ንድፉ የተመለሰ አዲስ ካርታ ወጣ። የኔን ካላችሁኝ ባቡር በንድፍ፣ አውቶቡስ በእውነተኛ መንገዶች ላይ ቢሣል እመርጣለሁ፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ የሚጓዘው በመንገዱ ነውና።

ጥያቄ፦ እድሳት ሲባል መጨመር ብቻ ነው ወይስ ይቀነሳልም?

መልስ፦ ይቀነሳል፤ አንዳንዴም ከልክ በላይ። በመስከረም 2009 የለንደኑ ካርታ ተጨናንቋል ተብሎ የቴምዝ ወንዝና የታሪፍ ቀጠናዎቹ ከኪስ ካርታው ወጡ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ከንቲባውም ተቃወሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ተመለሱ። ወንዙ የባቡር መስመር ባይሆንም ሰው ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያስበው በእርሱ ነው። ቀጠናዎቹ ደግሞ የሚከፈለውን ሒሳብ ይወስናሉ፤ እነርሱን ማውጣት ጭራሽ አይገባኝም።

ጥያቄ፦ በከተማችን ሚኒባሶች መስመር እንዳላቸው እናውቃለን፤ ይፋ ካርታ ግን የለም። ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ናይሮቢን ይመልከቱ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካዎቹ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ከኤምአይቲ ጋር ሆኖ ማታቱ የሚባሉትን ሚኒባሶች መስመር መዝግቧል። ተማሪዎች ማታቱ ላይ ተሳፍረው በስልካቸው የቆመበትን ቦታ ሁሉ መዘገቡ፤ ከ130 የሚበልጡ መስመሮችን የያዘው ካርታ በ2014 ወጣ፤ የከተማው አስተዳደርም ተቀበለው። ከካርታው በላይ የማደንቀው መረጃውን ያስቀመጡበትን መንገድ ነው። ጂቲኤፍኤስ በሚባለው፣ ከ2005 ጀምሮ ጉግልና የፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት ባዘጋጁት የመስመርና የሰዓት መረጃ መመዝገቢያ ቅርጽ ነው የተመዘገበው። ስለዚህ ከአንድ መረጃ የወረቀቱም የስልኩም ካርታ ይወጣል፤ መስመር ሲለወጥ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው። እናንተም ከዋና ዋና መነሻዎች ጀምሩ፤ ሙሉውን ከተማ አንድ ጊዜ ልያዝ ማለት ሥራውን ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ስሕተት ካገኘሁ ለማን ልንገር?

መልስ፦ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት በጽሑፍ። የእትሙን ወርና ዓመት፣ የፌርማታውን ስምና የቦታውን ፎቶግራፍ አብረው ይላኩ። «ካርታችሁ ተሳስቷል» የሚል ደብዳቤ ማንም አያስተናግደውም።

ጥያቄ፦ አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌውስ?

መልስ፦ መሰብሰብ አለበት፤ እዚህ ላይ በጣም እከራከራለሁ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን መደርደር ካርታ ካለመኖሩ ይብሳል፤ አሮጌውን ያነሣ ሰው በልበ ሙሉነት ወደተዘጋ ፌርማታ ይሄዳልና። የእትሙ ሽፋን ቀለም በየጊዜው ቢለወጥ ሠራተኛው ከሩቅ አይቶ ያነሣዋል። በግልዎ ግን አንድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ የጠፋ መስመር የት ይሄድ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ በዓመት አንድ እትም ብቻ የማሳተም አቅም ላለው ትንሽ ድርጅት ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ቶሎ የሚለወጠውን ከወረቀቱ አውጡት። የሰዓት ሰሌዳ አትጻፉ፤ ቶሎ ቶሎ የሚመጣውን መስመር በወፍራም፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን በቀጭን አሳዩ። ቀኑን ሽፋኑ ላይ አትሙ። ኪዩአር ኮድ ካስገባችሁ ወደ ዋናው ገጽ ሳይሆን ከዚያ እትም በኋላ የተለወጡት መስመሮች ወደተዘረዘሩበት ገጽ ይውሰድ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ረቂቁን ለሾፌሮችና ለትኬት ቆራጮች አሳዩ፤ የተዘዋወረ ፌርማታ ካለ ከቢሮው ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።