ነፍሰ ገዳይ እየታደነ ለምን እንስቃለን?

ጥያቄ፦ በብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የምገዛቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰው ተገድሎ ዳቦ ጋጋሪዋ ወይም ጡረተኛዋ ገዳዩን ስታድን የሚያሳዩ ናቸው። ሞት እያለበት የሚያስቀኝ ለምን ይሆን?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ድርሰቱ የተሠራው እንዲያስቅ ነው። ግድያው ከመጋረጃ ጀርባ ይፈጸማል፣ ሟቹም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ያኮረፈው ሰው ስለሆነ አንባቢው ለቅሶ ሳይቀመጥ በቀጥታ ወደ እንቆቅልሹ ይገባል። የመርማሪዋ መሣሪያ ጆሮዋ ነው፤ እዚህም ቢሆን ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ማን ከማን እንደተጣላ የምታውቅ እናት በየሰፈሩ አትጠፋም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 በረጅም ልብ ወለድ ብቅ ያለችው የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ገጸ ባሕርይ፣ አሮጊቷ መርማሪ ሚስ ማርፕል፣ ተጠርጣሪውን ቀድሞ ከምታውቀው የመንደሯ ሰው ጋር እያመሳሰለች ነው እውነቱ ላይ የምትደርሰው።

በአገራችን የአውጫጭኝ ልማድ፣ ወንጀል የተፈጸመበት አካባቢ ነዋሪ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር፤ ተጠርጣሪዎች ሁሉ አንድ ሳሎን የሚሰበሰቡበትን የመጨረሻ ምዕራፍ ሲያነቡ ይህንኑ ያስታውሱ። (በአውጫጭኝ ግን ሻይና ኬክ አይቀርብም።)

በእኔ አስተያየት ቀልዱ ከፍንጩ ከበዛ ታሪኩ ይላላል። ደግሞም አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ የመጨረሻዎቹ ገጾች አለመገንጠላቸውን ይመልከቱ፤ እኔ አንዴ ገዳዩን ሳላውቅ ቀርቻለሁ።