ጸረ-ዶፒንግ ላይ ልስራ ወይ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ 4ኛ አመት ነኝ፣ 1500 እሮጥ ነበር፣ አሁን ጸረ-ዶፒንግ (አበረታች ቅመሞችን የመከላከል ስራ) መስራት አማረኝ ግን አሰልጣኜ "ምርመራ ውጤት ይገድላል" አለኝ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ከሱ ልጀምር፣ ይሄ ካልጠራልሽ ስራው ላይ ልብሽ አይረጋም።

ውጤት ይቀንሳል ወይ? አንዳንዱ ስፖርት ላይ አዎ ቀንሷል። የሴቶች አሎሎን እይው፣ ሴኡል 1988 ላይ ወርቅ የተወሰደው በ22.24 ሜትር ነው፣ ፓሪስ 2024 ላይ ግን 20 ሜትር ድፍን በቃ። ዲስከስም ከ72.30 ወደ 69.50 ወርዷል። በመሃል ከውድድር ውጪ የሚደረገው ድንገተኛ ምርመራ ጠነከረ፣ የምስራቅ ጀርመን የመንግስት ዶፒንግም ከሀገሪቱ ጋር አበቃ፣ ሁለቱም አስተዋጽኦ አላቸው። ሩጫ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ኢፒኦ (ቀይ የደም ሴል የሚያበዛው መድሃኒት) መመርመር የተጀመረው ሲድኒ 2000 ላይ ነው፣ በ2009 ደግሞ የደም ፓስፖርት መጣ፣ እሱ መድሃኒቱን አይፈልግም፣ ያንቺን ደም ካንቺው የበፊት ደም ጋር ነው የሚያስተያየው። ግን የካርቦን ጫማ መጥቶ ሰዓቱን ስላፈጠነው የማራቶን ሰዓት ብቻ አይተሽ ምርመራው ሰራ አልሰራም ማለት አትችይም። ለኔ ዋናው ጥያቄ ሜትሩ አይደለም፣ ንጹህ ሮጣ 4ኛ የምትወጣዋ ልጅ ናት፣ የሷን ውጤት የሚገድለው ዶፒንጉ ነው እንጂ ምርመራው አይደለም።

ወደ ስራው ስንመጣ፣ ላቦራቶሪ የምትፈልጊ ከሆነ መንገዱ ኬሚስትሪ ነው፣ እኛ ሀገር ደግሞ ዋዳ (የዓለም ጸረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ) ሙሉ እውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ የለም፣ ናሙናው ውጭ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ባንቺ ዲግሪ እሱን እርሺው። የዶፒንግ ቁጥጥር ኦፊሰርነት፣ ማለትም ከአትሌቶች ናሙና መሰብሰቡ፣ ግን ይሆንሻል፣ ሽንት ሲሰጥ የሚያየው ሰው የግድ ከአትሌቱ ጋር አንድ ጾታ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ሴት ባለሙያ ሁሌም ትፈለጋለች። ችግሩ ብዙ ቦታ ክፍያው በወጣሽበት ስራ ልክ ነው እንጂ የወር ደሞዝ አይደለም፣ ከዛ ደግሞ የጥቅም ግጭት አለ፣ አትሌቲክስ ክለብ እያሰለጠንሽ አትሌቲክስ ላይ ናሙና መሰብሰብ አይቻልም፣ አንዱን ትመርጫለሽ።

እኔ ብሆን ግን ከአትሌቱ ጎን ነው የምቆመው። ለድንገተኛ ምርመራ የተመዘገቡ አትሌቶች ዝርዝር ውስጥ የገባ አትሌት በየቀኑ ለ1 ሰዓት የት እንደሚገኝ አዳምስ በሚባለው የዋዳ የኢንተርኔት ሲስተም ላይ መሙላት አለበት፣ በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ከሳተ ምንም ሳይወስድ እስከ 2 አመት ሊታገድ ይችላል። ቤተሰብ ጥየቃ ገጠር ሄዳ አድራሻዋን ያልቀየረች ልጅ፣ ለጉንፋን ፋርማሲ ሄዳ የተሰጣትን ዝም ብላ የዋጠች ልጅ፣ እነዚህን በአማርኛም በሲዳምኛም በኦሮምኛም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው በጣም ያስፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ ሮጠሽ ስለምታውቂ ይሰሙሻል።

የመመረቂያ ጥናትሽን እዚሁ ሐዋሳ ያሉ የክለብ አትሌቶች ስለዚህ ህግ ምን ያህል ያውቃሉ በሚለው ላይ ስሪው፣ የኢትዮጵያ ጸረ-አበረታች ቅመሞች ባለስልጣንን ስልጠና መቼ እንዳለ ጠይቂ፣ ሲቪሽንም ላኪልኝና አብረን እናስተካክለዋለን።