መኪና የማይገባበት አስፋልት፦ ስለ ዲሲ ትሬይሎች ለጠየቃችሁኝ

ብርዱ ሲለቅ የምትልኩልኝ ጥያቄም ይለወጣል። ስለ ታክስ መጠየቁ ይቀርና ብስክሌት ይመጣል። ትሬይል የምንለው ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ መንገድ ነው። የዚህ ሰሞኑን እነሆ።

«አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፤ ኡበር እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ወገቤ አለቀ። ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር ብስክሌት እነዳ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ማውንት ቬርነን ትሬይል ቅርቤ ነው፤ እዚያ ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ብስክሌቱን ጀምር። እዚያ ግን ቅዳሜና እሁድ አትጀምር። ማውንት ቬርነን ትሬይል 18 ማይል ነው። ከሮዝሊን አጠገብ ካለው የሩዝቬልት ደሴት ተነስቶ፣ በፖቶማክ ዳር እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ይሄዳል። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ግራቭሊ ፖይንት ላይ አውሮፕላን ጭንቅላትህን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ልጆች በደስታ ይሰክራሉ። ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ሯጩም ቱሪስቱም እዚያው ነው። የእንጨት ድልድዮቹ ደግሞ ዝናብ ከነካቸው ያንሸራትታሉ። እጅህ እስኪፈታ ይቆይህ።

አንተ ሸርሊንግተን ሂድና ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለውን ያዝ። እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ነው፤ ሁሉም አስፋልት። የድሮ ባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሥራ አቆመ፣ መስመሩም በኋላ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ይሄ ታሪክ ለጉልበቴ ምን ይጠቅማል ካልክ፣ ባቡር ዳገት አይወድም። ሐዲድ የዘረጉት ሰዎች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው ነው ያለፉት። ስለዚህ የሚያስወርድህና የሚያስገፋህ ዳገት አይገጥምህም። ከሸርሊንግተን ወደ ፎልስ ቸርችና ቪየና ስትሄድ ሳይታወቅህ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ሲደክምህና ስትመለስ ይወርድልሃል። ኮለምቢያ ፓይክንም ያልፋል፣ ቡና ካማረህ ሐበሻ ቤት አታጣም።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ትሬይሉ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ብዙ ነው። ለብስክሌተኛ የተተከለ የ«ስቶፕ» ምልክት ካለ ቁም፤ ከሌለም ቀንስ። አንተ ሾፌር ነህ፣ ከዛፍ መሐል ተወርውሮ የሚወጣ ብስክሌት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ማንም አይነግርህም። ሁለተኛ፣ ኮርቻውን ከፍ አድርገው። ብዙዎቻችን እግራችን መሬት እንዲደርስ ብለን እናወርደውና ጉልበታችንን እንጨርሳለን። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። የመጀመሪያ ቀን ሳይደክምህ ተመለስ።

«በእግሬ ስሄድ ከኋላዬ "ኦን ዮር ሌፍት" እያሉ ይጮሁብኛል። ምን አጥፍቼ ነው?»

ምንም አላጠፋሽም፣ እህቴ። በግራሽ ላልፍ ነው ማለታቸው ነው። ቀኝሽን እንደያዝሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ አትዙሪ፣ አትዝለዪ። አደጋው የሚመጣው ደንግጦ ወደ ግራ ከሚገባ ሰው ነው። ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ካለ አንዱን አውጪው። እግረ መንገዴን የእኛን ነገር ልናገር፦ አራት አምስት ሆነን ጎን ለጎን እየተጨዋወትን መንገዱን መዝጋት። ጨዋታው ከሞቀ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ነው።

«እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ናት። 70 ዓመቷ ነው። ሥራ ስንሄድ ቤት ውስጥ ትውላለች፣ እስር ቤት ነው ትለኛለች። የት ትሂድ?»

እውነቷን ነው። በአገሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ፣ ገበያ ዞራ፣ ጎረቤት ገብታ ነው የምትውለው። እዚህ ከአፓርታማው ስትወጣ የሚጠብቃት የመኪና ጎርፍ ነው።

ለአዘቦት ቀን የስላይጎ ክሪክን ትሬይል አሳያት። በወንዟ ዳር ነው፣ ጥላ አለው። መጀመሪያ አብረሻት ደጋግመሽ ሂጂ። አንድ መንገድ ብቻ አስለምጃት፤ ሄዳ በዚያው የምትመለስበት። አድራሻሽንና ስልክሽን ጽፈሽ ኪሷ ውስጥ አድርጊ። የሰፈሩን እናቶች ደግሞ አገናኛት፤ ካገኘቻቸው አንቺን አትፈልግሽም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውሰጃት። ዲሲ ውስጥ ከቢች ድራይቭ ሰሜናዊ ክፍል ሰፋ ያለው በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ ለመኪና ተዘጋ። በ2022 ደግሞ በቋሚነት እንዲዘጋ ተወሰነ። ስፋቱ ሙሉ የመኪና መንገድ ስለሆነ ብስክሌት አይጋፋትም። በእኔ ግምት ለአረጋዊ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አካባቢያችን ውስጥ የለም።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኖረች ሴት እዚህ ትንፋሽ አያጥራትም። የሚጥላት የሐምሌ ወበቅ ነው። በበጋው በጠዋት ትውጣ፣ ውኃ ትያዝ። ሣር ውስጥ አትግባ፤ እዚህ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያመጣል። ቤት ስትገባ እግሯን እዪላት።

«ውሻ እፈራለሁ። በጣም። ትሬይሉ ደግሞ ውሻ በውሻ ነው።»

ብቻህን አይደለህም! በናሽናል ፓርኮች ውሻ ከ6 ጫማ ባልበለጠ ገመድ መታሰር አለበት፤ ይሄም ሁለት ሜትር አይሞላም። የሚጠብቅ ይጠብቃል፣ የማይጠብቅም አለ። ሲመጣብህ አትሩጥ። ባለቤቱን በትሕትና «እፈራለሁ» በለው፣ አብዛኞቹ ሰብስበው ይይዙታል። በብስክሌት ከሆንክ ከውሻው ይልቅ ገመዱን ፍራ። ሰውየው በአንድ ጠርዝ፣ ውሻው በሌላው ሆነው ገመዱ መሐል ላይ ይወጠራል። ቀንስ፣ ደወል ምታ።

«ብስክሌት በሜትሮ ባቡር ይገባል?»

ይገባል። ከ2019 ጀምሮ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትም አይከለከልም።  በሊፍት መውረድ ይቀላል።

«ልግዛ ወይስ ካፒታል ባይክሼር ይበቃኛል?»

ለመሞከር ባይክሼር፣ ማለት ከመንገድ ጣቢያ የሚከራየው የጋራ ብስክሌት፣ ይበቃል። ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጣቢያው ብዙ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በጣም የቀነሰ አባልነትም አለው፤ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) የምታገኙ ሰዎች ጠይቁ። ግን የተሠራው ከጣቢያ ጣቢያ ለሚደረግ አጭር ጉዞ ነው። ግማሽ ቀን ይዛችሁት ከዞራችሁ፣ በተለይ ባለ ባትሪውን፣ ሒሳቡ ያስደነግጣል። በየሳምንቱ የምትወጡ ከሆነ ያገለገለ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬኑንና ማርሹን ነድታችሁ ሞክሩ።

«ከሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጅታውን ከልጆቼ ጋር በትሬይል መድረስ እችላለሁ?»

ድሮ በካፒታል ክሬሰንት ትሬይል ቀጥታ ነበር። ከቤተስዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ክፍል ግን በ2017 ለፐርፕል ላይን የባቡር መስመር ግንባታ ተዘጋ። ከመውጣትህ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አረጋግጥ። እኔ ብሆን ልጆቹን በመኪና ጆርጅታውን አድርሼ ከዚያ ነው የምጀምረው። ወደ ቤተስዳ ሰባት ማይል ገደማ ነው፣ በለስላሳው ሽቅብ ነው፤ መመለሻው ቁልቁል ይሆንላቸዋል። ከቤተስዳ የጀመረ ቤተሰብ ሲሄድ እየዘፈነ፣ ሲመለስ እየተነጫነጨ ነው። ሄልሜት ደግሞ በዲሲም በሜሪላንድም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግዴታ ነው። አንተም አድርግ፤ አባት ያላደረገውን ልጅ አያደርግም።