«የማጥናት ወኔ ከየት ላምጣ?» ላለችው የ12ኛ ክፍል እህቴ

«12ኛ ክፍል ገባሁ፣ ናቹራል ነኝ፣ ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሞላው፣ ደብተር ስገልጥ እንቅልፌ ይመጣል፣ የማጥናት ወኔ ከየት ላምጣ?» ብለሻል። ከስር «አይዞሽ ትችያለሽ» የሚል መዓት ኮሜንት አየሁ። ደስ ይላል። ግን እኔም እሱን እየሰማሁ ነው የወደቅኩት።

የ2014 ተፈታኝ ነኝ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ መሰጠት የጀመረው በኛ ነው። ጥር 2015 ውጤት ሲወጣ ከ896,520 ተፈታኝ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር፣ 3.3 ከመቶ። እኔ ከቀረው ክምር ውስጥ ነበርኩ። በቀጣዩ ዓመት በግል ተፈትኜ አለፍኩ። ያኔም ያለፈው 3.2 ከመቶ ስለሆነ ትንሽ ብኮራ አትፍረጂብኝ።

1. ለጥናት መዘጋጀትን እንደ ጥናት አትቁጠሪው። እኔ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ስዘጋጅ ነው የጨረስኩት። በአራት ቀለም እስክሪብቶ ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ «11፡00 መነሳት፣ 11፡15 ባዮሎጂ» የሚል። 11፡00 የተነሳሁበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም። አርባ ምናምን የቴሌግራም ቻናል ገባሁ። ስልኬ በፒዲኤፍ ሞልቶ ፎቶ አላነሳ አለኝ፣ ከአንዱም ፋይል ሦስተኛው ገጽ ላይ አልደረስኩም። ከዚያ «ከገና በኋላ» ተባለ፣ ከገና በኋላ ደግሞ ጥምቀት አለ። መቼም የሀገራችን ካላንደር ለሰነፍ ተማሪ ይመቻል።

2. ወኔ በገንዘብ አይገዛም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። «ከከፈልኩ ግድ አጠናለሁ» ብዬ አንድ ቲቶሪያል ቤት የዓመቱን በአንዴ ከፈልኩ። ከፈልኩ ስል እማዬ ናት፣ የእቁቧን ብር። አስተማሪው አምስት ቅዳሜ መጣ፣ ጎበዝ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ። በሱ ቦታ የመጣው ልጅ አጋዥ መጽሐፉን እንዳለ ያነብልናል። ብሩን መልሱልኝ ብል ደረሰኙን አሳዩኝ፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ አይመለስም» ይላል። እማዬ ምንም አላለችኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ቲቶሪያል የምትገቢ ከሆነ በወር በወር ክፈዪ፣ እምቢ ካሉሽ ጥለሽ ውጪ።

3. ንዴትም አያዛልቅም። በግል ለመፈተን ከወረቀት ጋር በተያያዘ አንድ ቢሮ አራት ቀን ተመላለስኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «አምና ምን ስትሠራ ነበር?» አለችኝ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ «ነገ ና»። በነጋታው ስመጣ ማህተሙን የያዘው ሰውዬ የለም። ከእልህ የተነሳ ሦስት ቀን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቸከልኩ። በአራተኛው ቀን ፊልም እያየሁ ነበር። ሴትዮዋ ያስያዘችኝ እልህ የቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

4. ቁጥሩን ልተወው፣ ዋናውን ልንገርሽ።

ደብተር ስትገልጪ እንቅልፍ የሚመጣው ሰነፍ ስለሆንሽ አይመስለኝም። የምታነቢው ስለማይገባሽ ነው። እኔ 10ኛ ክፍል እያለሁ መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከሒሳብ መጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ያለውን ትሪጎኖሜትሪ ሳልማር 11ኛ ገባሁ። 11ኛ ላይ ፊዚክሱ ገና ቬክተር ላይ ሲደርስ ሳይንና ኮሳይን ይጠይቃል። አልገባኝም፣ ግን አንገቴን እየነቀነቅኩ አለፍኩ። 12ኛ ላይ ታዲያ ፊዚክስ ስከፍት ባልተኛ ነበር የሚገርመው። አንቺም የሆነ ክፍል ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አለሽ። ፈተናው ደግሞ ከ9ኛ ጀምሮ ያለውን ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛው ዙር ላይ የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ከጎረቤት ልጅ ተዋስኩ። 12ኛ የጨረሰ ጎረምሳ የ10ኛ ይዞ ሲታይ ያሳፍራል፣ ስለዚህ በካላንደር ወረቀት ለበድኩት። የመጀመሪያ ቀን አራት ጥያቄ ብቻ ሠራሁ፣ ቀላል ቀላሉን። አራቱም ትክክል ሆኑ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልመጣም! በነጋታው ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ወደ መጽሐፉ ሄድኩ። ወኔ የምትይው ነገር ለኔ የመጣው እዚያ ጋ ነው፣ ከአራቱ ጥያቄ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ስልኩን ደግሞ ለእማዬ ሰጠኋት። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ቅዳሜ ሳይቀር። የት እንደምትደብቀው አትነግረኝም። የመጀመሪያ ቀን ሦስቴ «እማ፣ አንድ ነገር ልይ» አልኳት፣ ጎመኗን እየከተፈች ዝም። ከወራት በኋላ ነው ባዶ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ እንደምትከተው ያወቅኩት። ስልኩ ለምን እንደሚያስነጥሰኝ የገባኝም ያኔ ነው። «ለእህትሽ ስጪ» እንዳልልሽ፣ የኔዋ በሃያ ብር ትመልስልኝ ነበር።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ቲቪው ከራሴ በላይ ነው የሚጮኸው። ያንቺም እንደዚያው ከሆነ ጸጥታ አትጠብቂ። እኔ ማድ ቤት በራፍ ላይ ጀሪካን ደፍቼ፣ በማድ ቤቱ አምፖል ነው ያጠናሁት። ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እጄ ይሠራል።

አሁን 1 ሰዓት ሊሆን ነው። ሒሳብ ወይ ፊዚክስ አንዱን ምረጪና ከ9ኛ ጀምረሽ ምሳሌዎቹን ብቻ እያየሽ ሂጂ። መጀመሪያ የጠፋሽበትን ክፍልና ገጽ እዚሁ ከስር ጻፊልኝ፣ የማውቀው ከሆነ አስረዳሻለሁ። እስከ 4 ሰዓት አለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኬ የዶርም ጓደኛዬ ሎከር ውስጥ ነው የሚያድረው።