የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ተጫዋቾች የጌሜን ታሪክ ሳያነቡ ያልፋሉ

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ስሆን በትርፍ ጊዜዬ ለስልክ የሚሆን ጌም እየሠራሁ ነው። ታሪኩ አባትና ልጅ ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ አፋር ወርደው፣ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋ ስለሚመለሱበት ጉዞ ነው። በየደረጃው መካከል ጥማቱን፣ ድካሙንና የአባትየውን መታመም የሚተርክ ጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ጨዋታው ራሱ ግን መሰናክል እየዘለሉ ሳንቲም መልቀም ነው። ያስሞከርኳቸው ጓደኞቼ ሁሉ ጽሑፉን ሳያነቡ የማለፊያውን ቁልፍ ይጫናሉ። ቁልፉን ላጥፋው ወይስ ጽሑፉን ላሳጥረው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቁልፉን አያጥፉት። ማንበብ ያልፈለገን ሰው በግድ ማስጠበቅ ጌሙን እንዲዘጋው ከማድረግ ሌላ ፋይዳ የለውም። ማሳጠሩም ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ ችግሩን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው ጽሑፉ የሚናገረውና የተጫዋቹ ጣት የሚሠራው ባለመገናኘታቸው ላይ ነው። ጽሑፉ ውሃ አልቋል፣ አባት ደክሟል ሲል ተጫዋቹ በሙሉ ጉልበት እየዘለለ ሳንቲም ይለቅማል። ከሁለቱ አንዱን ማመን ሲኖርበት እጁ የሚሠራውን ያምናል።

ይህ ግጭት በታላላቅ ሥራዎችም ላይ ታይቷል። የጌም ንድፍ ባለሙያው ክሊንት ሆኪንግ በ2007 እ.ኤ.አ. ባዮሾክ የተባለውን ጌም ሲተች፣ ጨዋታው ተጫዋቹ የራሱን ጥቅም እንዲያሳድድ እየጋበዘው ታሪኩ ግን ሌላውን እንዲረዳ እንደሚያስገድደው፣ ሁለቱም እርስ በርስ እንደሚጣረሱ ጽፎ ነበር።

ሁለቱ ሲስማሙ ምን እንደሚመስል ለማየት ሉካስ ፖፕ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፔፐርስ ፕሊዝ ይጫወቱት። ተጫዋቹ አርስቶትስካ በምትባል ምናባዊ አገር የድንበር ፍተሻ ሠራተኛ ነው። የሚከፈለው በመረመረው ሰው ቁጥር ሲሆን፣ ከዚያችው ገንዘብ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይቀነሳል፤ ካልበቃው ቤተሰቡ ይራባል፣ ይታመማል። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላለት ሰው አልፎ ሲሄድ፣ ቀጥላ የምትመጣው ሚስቱ ስለሆነች እንዲራራላት ይለምነዋል። ሴትየዋ ግን የመግቢያ ፈቃድ የላትም፤ ወደ አገሯ ከተመለሰች እንደምትገደል ትናገራለች። ቢያሳልፋት የስህተት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ በዕለቱ ከሁለት ማስጠንቀቂያ በኋላ የሚፈጸም እያንዳንዱ ስህተት ደግሞ ገንዘብ ያስቆርጣል። ፊቱ ያሉት የማሳለፊያው አረንጓዴና የመከልከያው ቀይ ማኅተሞች ብቻ ናቸው። ንግግራቸው ከጥቂት መስመር አይበልጥም፤ ሆኖም ተጫዋቹ ሰልፉ እየረዘመ፣ የልጁ ምግብ እያሳሰበው፣ ማኅተሙን አንሥቶ የሚያመነታባት ያቺ ቅጽበት በብዙ ገጽ ትረካ የማትገኝ ናት። የታሪኩ ጭብጥ የተቀመጠው በክፍያው ሕግ ውስጥ ነው፤ በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ የጌም ትረካ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእርስዎ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ጆሴፍ ፋረስ የመራው የሁለት ወንድማማቾች ጌም ገጸ ባሕርያቱን በፈጠራ ቋንቋ ስለሚያናግር፣ ተጫዋቹ የሚሉትን ቃል አይረዳም። በሁለት እጅ የሚያዘው የጌም መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) ግራ ጎን ታላቅየውን፣ ቀኝ ጎኑ ታናሽየውን ያንቀሳቅሳል። ታናሹ እናቱ ውሃ ውስጥ ሰጥማ ስለሞተች መዋኘት ይፈራል፤ ወንዝ ሲያጋጥም በታላቁ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። ታላቁ ከሞተ በኋላ ታናሹ ብቻውን ውሃ ዳር ሲደርስ፣ የራሱ ቁልፍ አላሻግር ይለዋል። ተጫዋቹ ሥራ ፈቶ የቆየውን የታላቁን ቁልፍ ሲጫን ግን ልጁ ይዋኛል። ሐዘኑም ድፍረቱም በግራ እጅ ጣት በኩል ይደርሳል።

አሁን ወደ እርስዎ ጌም እንምጣ። ሳንቲም መልቀሙን ይተዉትና ውሃውንና ጭነቱን ጨዋታ ያድርጓቸው። የያዙት ውሃ የተወሰነ ይሁን፤ ለአባት፣ ለልጅና ለግመሎቹ ስንት እንደሚደርስ ተጫዋቹ ይወስን። አባትየው ሲታመም ግመል ላይ መቀመጥ ያስፈልገው፤ ለእሱ ቦታ ለማግኘት ግን ከተጫኑት አሞሌዎች የተወሰኑት ወርደው በረሃ ይቅሩ። ስንቱ እንደሚወርድ የሚቆጥረው ተጫዋቹ ራሱ ከሆነ፣ ስለ አባትየው ሕመም የጻፉት ረጅም አንቀጽ ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢወርድ ምንም አይጎድልበትም። የአካሄዱ ፍጥነትም ከጥማቱ ጋር ይቀንስ፤ የደከመ ሰው እንደ ሚዳቋ ሊዘል አይገባም።

ይህን ስል ጽሑፍ የጌም ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲስኮ ኤሊሲየም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃላት ቢይዝም በርካቶች ወድደው አንብበውታል፤ እያንዳንዱ ንግግር ከተጫዋቹ መልስ ይጠብቃልና። እርስዎም ማቆየት የሚፈልጉት ጽሑፍ ካለ ከምርጫው ቀጥሎ ያስገቡት፤ ሰው የራሱ ውሳኔ ያመጣውን ውጤት ማወቅ ይፈልጋል።

ሲያስሞክሩ ደግሞ ጌሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ይምረጡ፤ ከኋላው ተቀምጠው፣ ቢሳሳትም እንኳ አንድ ቃል ሳይናገሩ የት ላይ እንደሚቆምና እንደሚያመነታ ይመዝግቡ። ሲጨርስ ወደደው ወይስ አልወደደው ብለው አይጠይቁት፤ በጨዋታው ውስጥ ምን እንዳደረገ ይንገርዎት። አባቴን ለማስቀመጥ ጨው አወረድኩ ካለ ታሪኩ ደርሶታል። ሦስተኛውን ደረጃ አለፍኩ ካለ ግን ውሃውና ጭነቱ ላይ ገና ሥራ ይቀርዎታል።