የሰባት ወር ልጅ፣ የአርባ ዓመት ግፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ኩላሊት ገና በማህፀን ሲፈጠር። ስለዚህ አብረን አውጥተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቷ ነው። በሰባት ወሯ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ሆና ተወልዳ ሦስት ሳምንት ማሞቂያ ውስጥ ቆይታለች። በቅርቡ ለጉንፋን ጤና ጣቢያ ወስጃት ግፊቷ ሲለካ 118/76 ሆነ። አንዷ ነርስ «ከፍ ብሏል» አለች፤ ሌላው ባለሙያ «የትልቅ ሰው ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የግፊት መለኪያ ጨርቅ) ስለሆነ ነው፣ አይጨነቁ» አለኝ። ለመሆኑ ሕፃን ልጅ ግፊት ይይዘዋል? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይይዘዋል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ደግሞ ግፊታቸው በየጊዜው መለካት ካለባቸው ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ኩላሊት ደም የሚያጣራው ኔፍሮን በሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ነው። በአንድ ኩላሊት በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ይገኛሉ፤ ከሰው ሰው ግን ከ200 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ይለያያል። 60 በመቶ ያህሉ የሚፈጠሩት በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ሲሆን፣ 36ኛው ሳምንት ላይ መፈጠራቸው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ አንድም አይጨመርም። በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ከተወለደም በኋላ እስከ 40 ቀን ገደማ ጥቂት ኔፍሮን ሊፈጠርለት ይችላል፤ ማህፀን ውስጥ የሚፈጠረውን ያህል ግን አይሆንም። የትውልድ ክብደትም ይህንኑ ይናገራል፦ አንድ ኪሎ ከፍ ባለ ቁጥር በአንድ ኩላሊት 250 ሺህ ገደማ ኔፍሮን ይጨምራል።

አሥር ሴቶች የሚነፉትን ዱቄት አምስት ሴቶች ቢነፉት ዱቄቱ ይነፋል፤ ወንፊቱ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ጥቂት ኔፍሮኖችም የሁሉንም ሥራ ለመሸፈን ያብጣሉ፣ በውስጣቸው ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ቀስ በቀስም ጠባሳ ያወጣሉ። ጨውን ቶሎ ማስወገድ ስለሚያቅታቸው የደም ግፊት ይወጣል፤ የወጣው ግፊት ደግሞ የቀሩትን ይጎዳል። ይህ የሚሆነው በዓመታት ውስጥ ስለሆነ ልጅቷ ምንም ላይሰማት ይችላል።

ስለ ካፉ የተነገርዎት የተገለበጠ ነው። ግፊትን ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ጠባብ ካፍ ነው፤ ሰፊ ካፍ ዝቅ ያደርገዋል። በትልቅ ሰው ካፍ 118/76 ከመጣ በልኳ ካፍ ሲለካ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በትከሻዋና በክርኗ መካከል የክንዷን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በካፉ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ወርዱ ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም ከክንዷ ዙሪያ ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሸፍን ይሁን። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፤ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯ አይንጠልጠል፣ ቀኝ እጇ በልቧ ትይዩ ይረፍ። ቀኝ እጅ የሚመረጠው አንዳንዴ ትልቁ የደም ቧንቧ ጠቦ ሲገኝ ግራው እጅ ሊያታልል ስለሚችል ነው። ሲያስላት ወይም ስታለቅስ የተለካ አይቆጠርም። በሦስት የተለያዩ ቀናት ይደገም።

ለ8 ዓመት ልጅ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ከ107/69 ጀምሮ ነው። ከዚያ ማለፍ ብቻውን በሽታ አይባልም፤ ውጤቷ በቁመቷ ልክ በሰንጠረዥ ይታይ ማለት ነው። ከ13 ዓመት ጀምሮ ይህ ቁጥር 120/80 ይሆናል። በሦስቱም ቀን ካለፈ ወደ ሕፃናት ሐኪም ሄዳችሁ የኩላሊት አልትራሳውንድ፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እና የሽንት አልቡሚን (ወደ ሽንት ያመለጠ ፕሮቲን) ይታይ። ማሞቂያ ውስጥ ሳለች በእትብቷ በኩል ቱቦ ገብቶላት እንደሆነ፣ ጀንታማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ተሰጥቷት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የመጀመሪያው የኩላሊትን ደም ሥር ሊዘጋ፣ ሁለተኛው ራሱን ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ለሽንቱ ከመተኛቷ በፊት ሸንታ፣ ጠዋት እንደነቃች የመጀመሪያውን ይያዙላት። ጤነኛ ልጅም ሲሮጥ ውሎ ወይም ቆሞ ፕሮቲን ሊያሳይ ስለሚችል የቀን ሽንት ያሳስታል።

ቤት ውስጥ ከሁሉም በፊት ጨው ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ ሌላ ይጨመራል፤ የሾርባ ኩብ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ለአዋቂ የቀኑ ጣሪያ 5 ግራም፣ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ለእሷ ከዚያ ያነሰ።

ጥያቄ፦ በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ነው የተወለድኩት። ከቤተሰቤ ግፊት ያለበት የለም፣ እኔ ግን 148/94 ነኝ። እናቴ «ረሃብ ላይ ስለተፀነስክ ነው» ትላለች። (አ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናትዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም፤ ግን በአንድ ሰው ላይ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው የሆላንድ ረሃብ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው አጋማሽ የተራቡባቸው ሰዎች፣ ዕድሜያቸው 50 ገደማ ሲደርስ ከሌሎች ይልቅ በሽንታቸው አልቡሚን ሲወጣ ታይቷል፤ ግፊታቸው ግን ብዙም አልተለየም። እኛም ዘንድ የ1977ቱ ረሃብ ልጆች ራያ ቆቦ ላይ ጎልማሳ ሆነው ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የጀርመን ጥናት በአደጋ የሞቱ የ10 የግፊት ሕመምተኞችና የ10 ጤነኞች ኩላሊት ተቆጥሮ፣ ሕመምተኞቹ በአንድ ኩላሊት 700 ሺህ፣ ጤነኞቹ 1 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ገደማ ኔፍሮን ነበራቸው።

ይሁንና ልኩን ማወቅ ጥሩ ነው። በትውልድ ክብደት የአንድ ኪሎ ልዩነት አዋቂ ሲሆኑ የሚያመጣው የግፊት ለውጥ በላይኛው ቁጥር ላይ በአማካይ ቢበዛ 2 ገደማ ነው። 148 የደረሰውን ሁሉ በረሃቡ ማሳበብ አይሆንም፤ ክብደት፣ እንቅልፍና ማስታገሻ ኪኒን ይፈተሹ። የሽንት አልቡሚንም ያስለኩ፤ ለአንድ ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ደህና ነው። «ክሬቲኒንህ ኖርማል ነው» ብቻ ተብለው አይመለሱ፦ ኩላሊት የሥራውን ግማሽ ያህል እስኪያጣ ይህ ቁጥር ዝም ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ለግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ሁለት ወር እርጉዝ መሆኔን አሁን አወቅሁ። ላቁመው? (ለ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በራስዎ አቁመው ያለ መድኃኒት አይቀመጡ፤ ዛሬ ወይም ነገ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ይቀየርልዎ። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ሎሳርታን ከእርግዝናው ሁለተኛ ሦስት ወራት ጀምሮ የፅንሱን ኩላሊት ያደክማሉ። በዚያ ጊዜ የሽርት ውኃው (ፅንሱ የሚንሳፈፍበት) አብዛኛው የፅንሱ ሽንት ስለሆነ ውኃው ይቀንሳል፣ ሳንባውም በወጉ አያድግም። በምትካቸው የሚታዘዙት ሜቲልዶፓ፣ ኒፌዲፒን ወይም ላቤታሎል ናቸው። ቀድሞ ግፊት ላለባት እናት ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ አስፕሪን ስለሚታሰብ እሱንም ይጠይቁ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፍናክና ኢቡፕሮፌን አይዋጡ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ጉዳታቸው የሽርት ውኃውን በመቀነስ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ጊዜውን ጨርሶ 2 ኪሎ ከ100 ሆኖ ተወለደ። አሁን ሦስት ወሩ ነው። ቶሎ እንዲወፍር የላም ወተትና ቅቤ ልጀምርለት? (እማማ ዘ.፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ገና ነው፣ እማማ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ የላም ወተት ፕሮቲንና ጨው ለሕፃን ኩላሊት ይከብዳል። ደግሞ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ በኋላ ከመጠን በላይ ሲወፍር ነው ግፊቱ የሚብሰው፤ ትልቅ አካል በጥቂት ማጣሪያ ነዋ። በየወሩ ያስመዝኑትና በካርዱ ላይ ያለው የክብደቱ መስመር ዝም ብሎ ወደ ላይ ይሂድ፣ አይዝለል። የትውልድ ክብደቱ የተጻፈበትን የክትባት ካርድ ልጆችዎ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ጎረምሳ ሆኖ ግፊቱ ሲለካ ሐኪሙ የሚጠይቀው እሱን ነው።